አንድን ሙግት ከብዙ ወገን ሆኖ ስለ መጻፍ

በዛሬ ዘመን የቋንቋና የታሪክ መምህራን ለደቀ መዛሙርት ከሚሰጧቸው የጽሕፈት ሥራዎች አንዱ፤ ስለ ሰው መብት የተነሣን አንድ ነገር ወስዶ በዚያ ነገር ውስጥ በነበሩት ሰዎች ሁሉ አፍ መጻፍ ነው። ተማሪው ዛሬ ተበዳዩን ሆኖ ይጽፋል፤ ነገ በዳዩን፤ ከነገ ወዲያ ዳኛውን ወይም ከዳር ቆሞ ያየውን ሰው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የሚደክሙበትም መምህራን ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ከዚህ ሥራ የሚወጣው ድርሰት አብዛኛውን ጊዜ የታሰበለትን አይፈጽምም። ምክንያቱም ሰዎቹ ይለዋወጣሉ እንጂ ድምፁ አይለወጥም። ተበዳዩም፤ ገዥውም፤ ዳኛውም በአንድ የመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ሲናገሩ ይሰማሉ፤ ሁሉም በመጨረሻው መስመር ላይ ምክር ይሰጣሉ። ከሦስት ሰው አፍ ወጣ የተባለው ቃል ሲመረመር የአንድ ልጅ ቃል ሆኖ ይገኛል፤ የልጁም አይደለም፤ መምህሩ ሊሰማው ይወዳል ተብሎ የተገመተ ቃል ነው።

የባሕር ማዶውን ምሳሌ ብናስቀድም ነገሩ ይገለጣል። በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት በቶፒካ ከተማ ኦሊቨር ብራውን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነበረ፤ በብረት ብየዳ የሚያድር፤ በቤተ ክርስቲያንም ረዳት ሰባኪ የሆነ ሰው ነው። ልጁ ሊንዳ ለቤቷ በሚቀርበው የነጮች ተማሪ ቤት እንዳትገባ ስለ ተከለከለች ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆኖ የከተማውን የትምህርት ጉባኤ ከሰሰ። ነገሩ ከሌሎች ግዛቶች ከመጡ ተመሳሳይ ክሶች ጋር ተደምሮ በአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ግንቦት 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ዘጠኙ ዳኞች በአንድ ቃል ልጆችን በቀለም ለይቶ ማስተማር የሕገ መንግሥቱን እኩልነት ያፈርሳል ብለው ፈረዱ። ስለዚህ ሙግት ጻፍ የተባለ ልጅ ሊንዳን ያስለቅሳል፤ አባቷን ጀግና ያደርጋል፤ የትምህርት ጉባኤውን ሰዎች ጨካኞች ያደርግና ሥራዬን ጨረስሁ ይላል። ይህን ለመጻፍ ግን ነገሩን ማወቅ አያስፈልግም፤ ስሙን መስማት ይበቃል።

ነገር የሚከብደው ጥቁሩ መምህር ብቅ ሲል ነው። ከፍርዱ በኋላ በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል ተማሪ ቤቶች ሲቀላቀሉ ብዙ የጥቁር ልጆች ተማሪ ቤት ተዘጋ፤ በዚያም ያስተምሩ የነበሩ እጅግ ብዙ ጥቁሮች መምህራን ሥራቸውን አጡ። እንግዲህ ይህ ሰው በፍርዱ ዋዜማ ምን ይላል? ለልጆቹ ፍርዱን ይመኛል፤ ለእንጀራው ይፈራል፤ ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱንም በአንድ አፍ መናገር አለበት። እርሱን የጻፈ ተማሪ ከልዩ ልዩ ወገን ሆኖ መጻፍ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ጀምሯል።

ለጎጃም ልጅ ግን ቶፒካ ሩቅ ናት። በገበዝ ማርያም ወይም በቡሬ፤ በፍኖተ ሰላም ወይም በዙሪያዋ ባለው ገጠር የሚማር ልጅ አያቱ በዓይናቸው ያዩት ነገር አለው፤ ይኸውም የ1960 ዓ.ም. የግብር ነገር ነው። በዚያ ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 255 የእርሻ ገቢ ግብርን ደነገገ። አስቀድሞ በአሥራት ስም ይከፈል የነበረው ቀርቶ፤ ገበሬው ከእርሻው የሚያገኘው ገቢ እየተገመተ እንደ መጠኑ እንዲከፍል ታዘዘ። የጎጃም ባላገር ይህን አልቀበልም አለ። በዳሞት፤ በሞጣ፤ በቢቸና ገማች አላስገባም አለ፤ ነገሩ ከቃል አልፎ ወደ መሣሪያ ደረሰ፤ ጦርም ተላከ፤ ሰውም ሞተ። ከከረረ በኋላ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከግዛቱ ተነሡ፤ ኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጎጃም ሄዱ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ።

ቶፒካና ዳሞት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ ይህንንም ልዩነት ያላስተዋለ መምህር የሚሰጠው ሥራ ሁሉ ከመሠረቱ ይዛባል። የቶፒካው አባት ነገሩን በችሎት አቁሞ አስሟገተ፤ ተከሳሹም መልስ ሰጠ፤ ዳኞችም ምክንያታቸውን ጽፈው ፈረዱ። የጎጃሙ ነገር ግን ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው የተሟገቱበት፤ ፍርድም ያገኘ ነገር አይደለም። ባላገሩ አመፀ፤ መንግሥት ወጋው፤ በመጨረሻም ማረው። ምሕረት ደግሞ ፍርድ አይደለም። ምሕረት የተደረገለት ሰው ግብሩ ቢቀርለትም፤ ልክ ነበርህ ወይስ በድለህ ነበር የሚል ቃል ከማንም አልሰማም። ጠቅላይ ገዥውም ተነሡ እንጂ፤ የተነሡት በምን በደል እንደ ሆነ በአደባባይ ተመርምሮ አልተነገረም። እንግዲህ በፍኖተ ሰላም ያለ አንድ ክፍል ተማሪ ይህን ነገር ከየወገኑ ሆኖ ሲጽፍ፤ የሚያደርገው የቃላት ጨዋታ ሳይሆን ያልቆመውን ችሎት ማቆም ነው። ስለዚህም የሚገዛው ሕግ የድርሰት ሕግ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ የሙግት ሕግም ሊገዛው ይገባል።

የቀድሞው የሙግት ሥርዓት ደግሞ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ሁለት ባለ ጉዳዮች ልብሳቸውን በጫፉ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ሹም ባይገኝ መንገደኛውን አስቁመው ፍረደን ይሉት ነበር። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ «ተጠየቅ» ሲባል «ልጠየቅ» ብሎ ይቆማል። የተጠየቀውን ሳይመልስ ወደ ሌላ ነገር የሚዘል ተሟጋች አዋቂ አይባልም። የዛሬ ተማሪ ድርሰት ግን ያልተቋጠረ ነው። ገበሬውን ሆኖ የጻፈው ልጅ ገማቹ ምን እንደ ተናገረ አልሰማም፤ ገማቹን ሆኖ የጻፈውም የገበሬውን ቃል አልሰማም። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን በግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይታያሉ፤ አይነጋገሩም።

አሁን የመንግሥትን ወገን እንመልከት፤ በተማሪዎች ድርሰት ሁልጊዜ የሚደክመው እርሱ ነውና። ሹሙ ሁልጊዜ ወፍራም፤ ተቈጪ፤ ጉቦ በላ ሆኖ ይመጣል። እንዲህ ያለ ሹም አልነበረም ማለት አይደለም፤ ባላገሩ ያመረረው በግብሩ ብቻ ሳይሆን በአስገባሪዎቹም ጭምር ነው። ነገር ግን አዋጁ በራሱ አፍ ቢናገር ቀላል ተከራካሪ አይደለም። እንዲህ ይላል፤ አሥራቱ በመሬቱ ላይ የተጣለ ነው፤ ዝናም ቢቀር፤ ተምች ቢበላ ያው ነው፤ ባለ ብዙ ገቢውና ባለ ጥቂት ገቢውም እንደሚገባው አይለዩበትም። አዲሱ ግብር ግን ከገቢ ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ ድኻ ጥቂት ይከፍላል፤ ባለጸጋ ይጨምራል። መንገድ፤ ሐኪም ቤት፤ ተማሪ ቤት የሚሻ ሕዝብ ይህን ካልከፈለ ከወዴት ይመጣል? ይህን ቃል አስተካክሎ ሊጽፍ ያልቻለ ልጅ የገበሬውንም ወገን ሊጽፍ አይችልም። የሚመልሰው ነገር የለውምና ያለቅሳል።

ገበሬው ደግሞ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። የጎጃም ባላገር ክርክር ብሩ በዛ የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከበደም። ትልቁ ፍርሃት ቃላድ ነው። ርስት የሚታወቀው በመጀመሪያ አቅኚ አባት በመወለድ ነው፤ ወረቀቱ የሽማግሌ ትዝታ ነው፤ ወሰኑ ድንጋይና ዛፍ ነው። ሰው መጥቶ ይህ ማሳ የእገሌ ነው፤ ይህን ያህል ያፈራል ብሎ በመዝገብ ከጻፈ፤ ነገ ገመድ ይዞ ሊለካ ነው፤ ከተለካ በኋላ የተረፈው የመንግሥት ነው ሊባል ነው፤ ባለ ርስቱ ገባር ሊሆን ነው ብሎ ሠጋ። በሌላው የአገሪቱ ክፍል ቃላድ በተጣለበት ምድር ምን እንደ ሆነ ሰምቷልና ሥጋቱ ከነፋስ የመጣ አይደለም። በዚህ ላይ ትዝታ አለ። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ጎጃምን ሲገዙ የነበረውን የግብር ብዛት የሚያስታውሱ አባቶች በ1960 ዓ.ም. ገና በሕይወት ነበሩ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከጠላት ጋር በዱር በገደል የተዋጉም ነበሩ፤ በደማችን ያቆየነውን ርስት ማን ይለካዋል የሚለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው። ተማሪው ይህን ሁሉ በአንድ ገበሬ አፍ ላይ ይጫን ማለት ግን አይደለም። አንድ ገበሬ አንዱን ብቻ ይናገር፤ ሌላውን ሌላ ይናገር፤ አንዳንዱም ግብሩን ከፍሎ ዝም ያለ ይሁን፤ የከፈለና ጎረቤቱን የፈራ ሰውም ነበርና።

ከሁለቱ ተሟጋቾች ይልቅ ግን ለጽሕፈት የሚጠቅመው በመካከል የቆመው ሰው ነው፤ የቶፒካው ጥቁር መምህር ወንድም ማለት ነው። ጭቃ ሹሙን ተመልከቱ። እርሱ ራሱ ባለ ርስት ነው፤ ያርሳል፤ ከሚገመቱት አንዱ ነው። ነገር ግን ሹም ነውና ገማቾቹን መርቶ ወደ አጎቱ ማሳ የሚያስገባቸው እርሱ ነው። ካስገባ ቤቱ ይቃጠልበታል፤ ካላስገባ ይታሰራል። ሌሊት ከሚስቱ ጋር የሚመክረው ምክር ከሃያ ገጽ የነጻነት ድርሰት ይበልጣል።

ቤተ ክርስቲያንም ከዳር ቆማ ያየች ምስክር ብቻ አይደለችም፤ የቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ስለዚህ ነገር ሲጽፍ ይህን ሊያልፈው አይገባም። ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያንን ንብረት የሚጠብቅ ሹም ነው፤ በዚህ ስም በምትጠራ ከተማ የሚማር ልጅ ደግሞ ገበዙን ሆኖ ሊጽፍ ይገባዋል። የሰሞን መሬት ግብር ለቤተ ክርስቲያን ይገባ ነበር፤ ካህኑም በመቀደሱ መሬት ይይዝ ነበር፤ ይህም ሥርዓት እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ቆየ። ስለዚህ ገበዙ ሁለት ልብ አለው። አንደኛው ልቡ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ካደገው ገበሬ ጋር ነው፤ ሁለተኛው ልቡ መገበሪያውንና ዕጣኑን ያስባል፤ የመሬት ነገር ከተነካካ የደብሩም መሬት ሊመረመር ነውና። እርሱን ጻድቅ አድርጎ ወይም ግብዝ አድርጎ መጻፍ ሁለቱም ስንፍና ነው።

ይህን ሥራ በአማርኛ ማን ሠርቶታል ቢባል ቀድሞ የሚጠራው የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ባላገሮች ከተለመደው በላይ የተጠየቁትን እንቢ ይላሉ፤ በአበጀ በለው መሪነትም ይነሣሉ። መጽሐፉ የወጣው ከእውነተኛው አመፅ በፊት መሆኑ ልብ ይሏል። ብዙ ሰው ሐዲስን የሚያመሰግነው ለባላገሩ ስለ ቆመ ነው። ምስጋናው ትክክል ቢሆንም ጎዶሎ ነው። ይልቅ የሚደነቀው ፊታውራሪን ሰው ማድረጉ ነው። ፊታውራሪ ያስቃሉ፤ ይመካሉ፤ ይታለላሉ፤ ነገር ግን የሚያደርጉት ሁሉ እርሳቸው በሚያምኑት ሥርዓት ዘንድ ልክ ነው። የዘር ክብር ካለ ባላገር መገበሩ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ይህን እንቢ ማለት ለእርሳቸው ፀሐይ በምዕራብ ትውጣ እንደ ማለት ነው። አንባቢው እየሳቀባቸው ሳለ ልባቸውን ያያል። ጉዱ ካሳም ያንን ሥርዓት ሲነቅፍ የሚናገረው ከውጭ መጥቶ ሳይሆን ከዚያው ቤት ውስጥ ሆኖ ነው።

ይሁን እንጂ የሐዲስ መጽሐፍ በአንድ ነገር ለተማሪ አደገኛ ምሳሌ ነው ቢባል ድፍረት አይሆንም። ጉዱ ካሳ የሚናገረው ነገር ብዙ ጊዜ የደራሲው ንግግር ይመስላል፤ ረዥምና የተደራጀ ነው፤ የሚመልስለትም ብርቱ ተከራካሪ እምብዛም አያገኝም። ለታላቅ ደራሲ ይህ ይቅር ይባላል፤ ሌላው ሁሉ ይሸፍንለታልና። ተማሪው ግን ከመጽሐፉ የሚወስደው ይህንኑ ነው። በየድርሰቱ አንድ ትንሽ ጉዱ ካሳ ያቆምና በእርሱ አፍ ይሰብካል። መምህሩ ከዚህ መጽሐፍ ላይ ክፍል ሲመርጥ የጉዱ ካሳን ንግግር ትቶ የፊታውራሪን ዝግጅትና የባላገሮቹን ምክክር ቢመርጥ ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ሁሉንም ወገን እኩል አስናግሩ ማለት በደልንና ፍትሕን ማስተካከል አይሆንምን? የሚሉ አሉ፤ ጥያቄውም ከባድ ነው። ለዚህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የቆየ መልስ አለው። የመጻሕፍት መምህር ሲያስተምር አስቀድሞ ንባቡን ያሰማል፤ ከዚያ በኋላ ትርጓሜውን ይሰጣል፤ አንድም፤ አንድም እያለ ይቀጥላል። ነገር ግን አንድም ማለት ያሻህን በል ማለት አይደለም። እያንዳንዱ አንድም ከንባቡ ላይ ሊቆም ይገባዋል፤ የመናፍቃንም ቃል ሲመጣ ይጠቀሳል፤ በጥንቃቄ ይነገራል፤ መልስም ይሰጠዋል። ያልተጠቀሰ ቃል መልስ ሊሰጠው አይቻልም። ለ1960ው ነገር ንባቡ አዋጁ ነው፤ ከፊቱ የነበረው የአሥራት ሥርዓት ነው፤ የሽማግሌዎች ምስክርነት ነው። ንባቡን ያልተማረ ተማሪ ወደ አንድም ሊሻገር አይገባም። የዛሬው ጉድለት ይህ ነው፤ ለድርሰቱ አንድ ሳምንት ይሰጣል፤ ለንባቡ አንድ ሰዓት።

የጎጃም የቅኔ ቤቶችም ከዚህ ጋር ሊነሡ ይገባል። በዋሸራም በዲማም የተማረ ባለ ቅኔ ሰሙን ሳያጸና ወርቁን አያወጣም። ገማቹን ሆኖ የሚጽፍ ልጅ ሰሙ የገማቹ ሥራ ነው፤ ማሳ ዳር ቆሞ በዓይኑ ስንት ጭነት ጤፍ እንደሚወጣ መገመት፤ ደብተሩ በዝናም እንዳይረጥብ በኩታው መሸፈን፤ የሚያሳድረው ቤት ማጣት። ይህ ሳይጻፍ መብት፤ ግፍ፤ ፍትሕ የሚሉት ቃላት ባዶ ናቸው።

መምህሩ ስለ ሩቁ 1960 ከሚደክም ይልቅ ዛሬ ያለውን ለምን አያጽፋቸውም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ተማሪ ቤት ተዘግቷል፤ ምዕራብ ጎጃምም ከዚህ አላመለጠም። ከወንበሩ ላይ አብረው የሚቀመጡት ልጆች ዘመዶቻቸው በየትኛው ወገን እንደ ቆሙ አንዱ የሌላውን ሊያውቅ ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ልጅን ያንተን ጠላት ሆነህ ጻፍ ማለት ጭካኔ ነው፤ ወረቀቱም በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ስድሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ነገር ግን እጅን አያቃጥልም፤ ሆኖም ሙቀቱ አልጠፋም። የአመፀው ገበሬ የልጅ ልጅና የጭቃ ሹሙ የልጅ ልጅ ዛሬ በአንድ መዝገብ ይጠራሉ። የገበሬው ልጅ ጭቃ ሹሙን፤ የጭቃ ሹሙም ልጅ ገበሬውን ሆኖ ቢጽፍ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ወረቀታቸውን ተለዋውጠው እያንዳንዱ ለጻፈው ሰው ሳይሆን ለሌላው ቃል መልስ ቢሰጥ፤ የተቋጠረው ልብስ ተመለሰ ማለት ነው። ነጥብም የሚሰጠው ለቋንቋው ውበት ሳይሆን ለመልሱ ቢሆን መልካም ነው፤ የተጠየቀውን የመለሰ ያልፋል፤ የዘለለ ይወድቃል።

ለመጠየቅ ደግሞ ጊዜው እየጠበበ ነው። በ1960 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው ጎልማሳ ዛሬ ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ልጆች ወደ እነዚህ ሽማግሌዎች ሲላኩ ወንዶቹን ብቻ እየጠየቁ ይመለሳሉ፤ ጠመንጃ የያዙት እነርሱ ናቸውና። ርስት ግን በአባትም በእናትም ይቆጠራል፤ ሴት ልጅም ትወርሳለች። በእናቷ በኩል ከአቅኚው አባት እወለዳለሁ ብላ ማሳዋን በሽማግሌ ቃል የያዘች፤ ባሏ የሞተባት ሴት፤ ገማቹ መጥቶ ይህ መሬት በማን ስም ይጻፍ ብሎ ሲጠይቅ ምን መለሰች? በስሟ ቢጻፍላት ከወንድሞቿ ክርክር ትድን ይሆናል፤ ቃላድም ሊመጣባት ይችላል። ጎረቤቶቿ ሁሉ ገማች አናስገባም ብለው ሲማማሉ እርሷ ከደጇ ቆማ የምታስበውን እስካሁን ማንም ተማሪ አልተጠየቀበት ከሆነ፤ የሚቀጥለው ድርሰት ከእርሷ ይጀመር።